ያልተሞላው የኬብል ረድፍ

ኅዳር 3

ሻዩን ረስቼው በረዶ ሆኖ ጠጣሁት። ጨረቃ ላይ ዕቃ የሚያደርሰው ኩባንያ መልስ ሰጠ። በሚቀጥለው በረራ ለቤተ ሙከራችን ያለው ቦታ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ሁለት ኪሎ፤ ብሎኑም ኬብሉም ተቆጥሮ። አንድ ግራም ካለፈ አይጫንም።

ያሉን ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፦ የኔ የአፈር ሙቀት መለኪያና የጭራሮ የአቧራ መለኪያ። እኔ ስምንት ዓመት ለፍቻለሁ። እሷ ከረዳትነት ወጥታ የራሷን ከጀመረች ሁለት።

ጭራሮ ያልኳት እኔ ነኝ። ረዳቴ ሆና ስትመጣ ከቅጥነቷ የተነሳ ነጩ ጋዋን ማንጠልጠያ ላይ ያለ ነበር የሚመስለው።

ኅዳር 6

የሷ ተመረጠ። የኔ ተጠባባቂ።

አለቃችን ምን አለ? «ሙቀቱ ይደርሳል፣ አሁን የሚፈለገው አቧራው ነው።» ይደርሳል!... ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪግል። መጥታ አቀፈችኝ። «እትዬ፣ ያንቺው እኮ ነው! ያላስተማርሽኝ ምን አለ?» የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብትኮራብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው?

ኅዳር 7

እናቴ ደወለች። «ያቺ ቀጭኗ ልጅ ዕቃዋን ጨረቃ ልትልክ ነው አሉ! እልል በይላት እንጂ!»

ብያለሁ አልኳት።

ኅዳር 12

ጭራሮ የክብደት ሠንጠረዧን ላከችልኝ። የመጨረሻዋ ተመልካች እኔ ነኝ፤ ከፈረምኩ ይዘጋል። ድምሩ 1 ኪሎ ከ910 ግራም። የኬብሉ ረድፍ... ባዶ። ረስታዋለች!

ዕቃ ቤት ያለው ወፍራሙ ኬብል 230 ግራም ነው። ከሱ ጋር ሁለት ኪሎውን ያልፋል። ቀጭኑ ግን 80 ግራም፣ ለክፉ ቀን ብዬ ከዕቃ ቤት በፊርማዬ አውጥቼ መሳቢያዬ ውስጥ ያስቀመጥኩት። እሱ ቢሆን ይበቃታል። አንድ ቃል ብናገር ያልቃል።

ፈረምኩ። ዝም አይነቅዝም።

ኅዳር 13

ልንገራት እንዴ?... ነገ።

ኅዳር 19

የምዘና ቀን። ቴክኒሻኑ ወፍራሙን ኬብል ይዞ መጣ። ሚዛኑ 2 ኪሎ ከ140 አለ። የኩባንያው መዛኝ ሠንጠረዡን ገለበጠ። «ኬብሉ የት ነው የተጻፈው?»

ጭራሮ ወደኔ ዞረች። «እትዬ... እንደ ድሮው አንቺ ትሞዪዋለሽ ብዬ እኮ ነው...» ፊቴን አየችው፤ ምን እንዳየች እንጃ። ከዚያ ለአለቃችን፦ «ጥፋቱ የኔ ነው። ማስታወስ ነበረብኝ።»

እንደ ድሮው። ረዳቴ ሳለች የኬብሉን ረድፍ የምሞላው እኔ ነበርኩ። «እሱን ለኔ ተዪው፣ አታውቂበትም» እያልኩ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። እዚህ ደብተር ላይ ረስታዋለች ብዬ ጽፌያለሁ። አልረሳችም። ያን ቀንም አውቄ ነበር... ለራሴም ዋሸሁ።

መሳቢያው ከቆምኩበት አምስት እርምጃ ነበር። አልተንቀሳቀስኩም።

የኔ ተመዘነ። 1 ኪሎ ከ960። ይሄዳል።

ኅዳር 20

እናቴ በስልክ እልል አለች። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ይሄን ነበር እኮ ስምንት ዓመት የጠበቅሁት።

ጭራሮ ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ በኩል አዛወረች። ብርሃን ፈልጋ ነው አሉ።

ታኅሣሥ 9

ዕቃ ቤት ጠባቂው ዛሬ በር ላይ አስቆመኝ። «ያቺ ልጅ የኬብል መዝገቡን አሳየኝ ብላኝ አሳየኋት። አጠፋሁ እንዴ?»

አላጠፋህም አልኩት።

ታኅሣሥ 16

ለሁለተኛው በረራ ያዘጋጀችው ሠንጠረዥ መጣ። ከላዩ አጭር መልእክት አለው፦ «ክብርት ዶክተር፣ ተመልክተው እንዲፈርሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

እርስዎ ሆንኩ።

ባዶ ረድፍ ፈለግሁ። አንድም የለም። ኬብሉ ጋ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ ቀጭኑ፣ 80 ግራም። የሚገኝበት፦ የዶክተር መሳቢያ።