ለፈተናዬ ብለህ የደበቅከኝ ሞትህ

ውዱ አባዬ፣

ከተለያየን ሰባተኛ ወራችን ነው። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ስላልናፈቅከኝ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። ቅያሜው አሁንም አልወጣልኝም።

ቤታችን እንደተውከው አይደለም። ወንድሜ ታዬ በአንተ ቦታ ኮምባይነሩ ላይ ወጥቶ ዲክሲስ ወረዳ ስንዴ ያጭዳል። እማዬ አልጋችሁን ትታ ሳሎን ነው የምትተኛው። እኔም ሁለተኛ ዓመት ገብቼ፣ አንተ እንደተመኘኸው ማኔጅመንት ደርሶኛል።

መጀመሪያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሄድኩ ሰሞን ትዝ ይልሃል? የኢኮኖሚክስ መምህሩ እንግሊዝኛውን ሲያንደቀድቀው አንድም ነገር ሳይገባኝ እወጣና ደውዬ አለቅስብህ ነበር። ከአሰላ ብርድ ወጥቼ ሙቀቱንም፣ ለስድስት አንድ ክፍል መተኛቱንም አልቻልኩትም። ትቼ ልምጣ ስልህ፣ በየቀኑ አንድ የተማርሽውን ቃል ንገሪኝ አልከኝ። «ዲማንድ» ያልኩህ ጊዜ፣ በማግስቱ ስንዴ የምታጭድላቸውን ገበሬዎች ስለ ዲማንድ ስታስተምር መዋልህን ነገርከኝና ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ግቢውን ያስለመዳችሁኝ አንተና የዶርሜ ልጅ፣ የሮቤዋ ሃዊ ናችሁ። ሁለታችሁም ዋሻችሁኝ።

ሰኔ ላይ ድምፅህ ሲደክምብኝ ጉንፋን ነው አልከኝ። ከዚያ ስልክህ ጠፋ። ታዬን ስጠይቀው ባሌ ሥራ ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም አለኝ። ለካ ሆስፒታል ተኝተህ ነበር። የተቀበርክ ዕለት እኔ ክፍል ፊት ቆሜ ስለ ሳሙና ንግድ የቡድናችንን ሥራ አቀርብ ነበር። ሃዊ እንዲያምርብኝ ብላ ቀይ ሻርፗን አውሳኝ ነበር፤ መሞትህን እያወቀች። ተማሪው ሲስቅ አብሬ ስቄያለሁ።

ፈተና ጨርሼ አሰላ መናኸሪያ ስወርድ ታዬ ጥቁር ለብሶ፣ ፂሙን አሳድጎ ቆሞ ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ያኔ ገባኝ። ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ለቀስተኛው ተበትኗል፣ እማዬ እንባዋን ጨርሳለች። ለብቻዬ ነው ያለቀስኩህ።

ሃዊ ለአርባህ ከሮቤ መጣች። በር ላይ አስቁሜ፣ ከተቀበረ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አብረሽኝ እየበላሽ እንዴት ቻልሽው አልኳት።

«አባትሽ ራሳቸው ደውለው ለመኑኝ» አለች። «ልጄ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትሰማ፣ አደራ አሉኝ። ሲያርፉ ደግሞ ወንድምሽ ደውሎ ነገረኝ። አደራ በላ ልሁን?»

ለእሷ ለመደወል አቅም ነበረህ፣ አባዬ። ለእኔ ግን አልደወልክም። እኔ ልሰማው የሚገባኝን የመጨረሻ ድምፅህን የሰማችው እሷ ናት። ለአንድ ፈተና ብለህ ስንብቴን ነጠቅከኝ። ኢኮኖሚክስ ኤ አምጥቻለሁ፤ ለማንም አላወራሁትም።

መስከረም ላይ ስመለስ ዶርም ቀየርኩ። ሃዊን ባየሁ ቁጥር መንገድ እለውጥ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አላስችል ብሎኝ ራሴ ሄድኩባት። ያልከውን ሁሉ ከመጀመሪያው ንገሪኝ አልኳት። እያሳልክ እንደነበር፣ ምሳ በልታለች ወይ ብለህ እንደጠየቅካት ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ሳትሰለች ደገመችልኝ። ከዚያ ወዲህ ካፌ አብረን እንበላለን፤ ወደ እሷ ዶርም ግን አልተመለስኩም።

ሙት ወቃሽ አትሁኚ ይሉኛል። እኔ ግን ደግ ደግህን ብቻ መርጬ ላስታውስህ አልፈልግም፤ እንደዚያ ካደረግኩ የማስታውሰው ሌላ ሰው ይሆናል። የወደድከኝንም የዋሸኸኝንም ይዤ፣ አንተኑ ራስህን፣ ዕድሜዬን ሙሉ አስታውስሃለሁ።

ልጅህ ብርቱካን