በጭብጨባ የጸደቀው

ድሬዳዋ፣ ማክሰኞ

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን። የጅቡቲ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ? ጉሮሮዬን አሞኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? እኛ በጤና በኩል የምናማርረው ነገር የለንም። ባለፈው ከላይ አገር ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ማንንም ሳይነካ ሄደ።

በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። "እናቴ ስልክ አታነሳም፣ እህቴ ሑዳ ስታነሳ ደግሞ ተኝታለች ትለኛለች፣ ታማ ከሆነ አትደብቀኝ" ብለሻል። አልታመመችም። መልሱን በድምፅ ያልላኩልሽ ድምፄን ስለማላምነው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳሳምር ኖሬያለሁ፤ ልዋሽ ስፈልግም ያምርልኛል። ወረቀት ላይ ግን ስዋሽ ለራሴም ይታየኛል።

ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ፣ የሰርጉም የለቅሶውም ዳስ የሚተከልበት፣ እኔና አንቺ የሙዚቃ ባንድ የጀመርንበት ሜዳ፣ በቆርቆሮ ታጥሯል። መጋዘን ሊሠራበት ነው። ሕዝቡ ተሰብስቦ ተስማምቷል ተብሏል። ተስማማ የተባለው በጭብጨባ ነው። ጭብጨባውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

የስብሰባው ዕለት ጠዋት ኃይለመለኮት ጠራኝ። አንቺ አታውቂውም፤ ከሄድሽ በኋላ ከሌላ አገር የመጣ፣ የሰፈሩን ልማት ኮሚቴ የሚመራ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። ሰው እንዳይሰለች ሞንታርቦና ኪቦርድ ይዘህ ና አለኝ። ቀጥሎም፣ "ነገሩ ሲረዝም በዓይኔ እጠቅስሃለሁ፤ ያቺን የጭብጨባዋን ጣል ታደርግልኛለህ" አለ። ለምን ያቺን አልኩት። "እሷ ስትመጣ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ድሬ ላይ አላየሁማ!" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መጋዘኑ ሲያልቅ ከፎቁ አንድ ክፍል ለባንዱ እንደሚሰጥ ነገረኝ፤ በር ያለው፣ አቧራ የማይገባበት። የተነጋገርነው ይኸው ነው። ሌላውን ሳይነግረኝ ገብቶኛል።

ያቺ የጭብጨባዋ ያንቺ ዘፈን ናት። ከበሮ መቺያችን ጥሎን የሄደ ጊዜ የሰውን እጅ ከበሮ አድርገሽ የሠራሻት። ሰው ካላጨበጨበ ጎደሎ ናት። ያኔ፣ "አድማጭ የሌለበት ዘፈን ይኼ ነው፤ ሁሉም ተጫዋች ነው" ስትይ ነበር፤ እኔም በየሄድኩበት እደግመው ነበር። ለማስተምራቸው ልጆችም እንዲሁ እላለሁ፦ ሙዚቃ ሰውን ይሰበስባል፤ የተሰበሰበ ሰው ይነጋገራል፤ የተነጋገረ ሰው ይወስናል። ያን ቀን መሃሏን ዘለልኳት።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኃይለመለኮት የመጋዘኑን ሐሳብ አነበበ። ሰዉ ጠየቀ፣ አጉረመረመ። መጨረሻ ላይ ሆዮ ተነሳች። እናትሽን ዛሬም እንደ ልጅነታችን በሶማልኛው ሆዮ፣ እናቴ፣ ነው የምላት፤ ዳሃቦ ብዬ ስሟን ስጠራ እኔኑ ይከብደኛል። ከገበያ በቀጥታ ስለመጣች ዘንቢሏን እንደያዘች ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ሰው ሲሞትብን ዳሱን የት እንትከል? መጋዘንህ ጣሪያ ላይ?" አለችው። ሰዉ ሳቀ። ኃይለመለኮት ፊቱ ተለዋወጠ፤ እሱ አገር ሰብሳቢ አንተ አይባልም። "እናቴ፣ እባክዎ በሥርዓት ይናገሩ" አላት። "አቦ! እኔ አላህንም አንተ እያልኩ ነው የምለምነው። አንተ ከሱ ትበልጣለህ?" አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃይለመለኮት ብቻ አልሳቀም።

ሳቁ ሲበርድ ቁም ነገሯን ያዘች። መጋዘኑ ሳቢያን ሰፈር በኩል ይሠራ፣ ሜዳው ለሰፈሩ ይቅር፣ በዚህ የምትስማሙ እጅ አውጡ አለች፤ ግማሹን በሶማልኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ከኋላ እጅ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ከመሃል። ኃይለመለኮት ያኔ ጠቀሰኝ።

ተጫወትኩ። የወጡት እጆች ወርደው ማጨብጨብ ጀመሩ።

እሷም አጨበጨበች። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና አጨበጨበች። የልጇ ዘፈን ነዋ። ኃይለመለኮት ማይኩን አንስቶ፣ "በጭብጨባ ጸድቋል፤ ሁላችሁንም እናመሰግናለን" አለ።

መጨረሻ የተናገረችው እሷ ናት። ስለዚህ የጸደቀው የሷ ሐሳብ መሰላት። ስንወጣ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። "ወላሂ፣ ልጄ ከጅቡቲ መጥታ አብራኝ የተናገረች መሰለኝ። አንተ ባትኖር ይሰሙኝ ነበር?" አለችኝ። ነገሩ እንዳልገባት ገባኝ፤ ሳላርማት ኪቦርዴን ተሸክሜ ሄድኩ። ሜዳው ተረፈ እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ያኔም አላረምኳትም።

ቆርቆሮው የመጣ ቀን ወደ ኮሚቴው ሮጠች። በስልክ የተቀረጸውን አሳዩዋት። "ይኸው እናቴ፣ እርስዎም አጨብጭበዋል" አሏት። ቤቷ ስትገባ፣ "አማርኛው ሳይገባኝ ሜዳውን አስረከብኩ" ብላ ለሑዳ ነገረቻት። አማርኛው ገብቷታል። ከአዳራሹ ሁሉ የሚናገረውን የሚያውቅ ሰው እሷ ነበረች።

ጎረቤታችን ሙሉነሽ፣ አፏን ታውቂያለሽ፣ "ዳሃቦ፣ ሜዳችንን አጨብጭበሽ ዳርሽው አይደል?" አለቻት። ለቀልድ ነው። ቀልዱ ሰፈሩን ዞረ። ከዚያ የሙሉነሽ ወንድም ሣህሉ፣ የባቡሩ ጡረተኛ፣ አረፈ። ዳሱ አስፋልት ዳር ተተከለ። ባጃጆች በለቀስተኛው እግር ሥር ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። ሆዮ በሯን ዘግታ ዋለች። በዚህ ሰፈር፣ የእስላምም ሆነ የክርስቲያን፣ ለቅሶ ቀርታ አታውቅም። ስልክ ማንሳት የተወችው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ላንቺ ምን ብላ ትንገርሽ?

እኔ ዳሱ ውስጥ ነበርኩ። አንዱ ያን ቀልድ ደገመው። ሰዉ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ።

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቼዋለሁ። ሙዚቀኛ የታዘዘውን ይጫወታል ብያለሁ። ሰርግ ላይ ሙሽራዋ ወዳ ነው ወይስ ተገዳ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ እዚህ ለምን እጠየቃለሁ ብያለሁ። ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ከሚለማመዱ ክፍል ቢያገኙ ምን አለበት ብያለሁ። ባልጫወትም ያው ሜዳው መሄዱ አይቀርም ብያለሁ። ይህን የመጨረሻውን እንዳላምነው የሚያደርጉኝ እነዚያ የወጡት እጆች ናቸው። ከመድረክ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። ብዙ ነበሩ።

ትናንት ልነግራት ሄድኩ። ሑዳ ሻይ ቀዳችልኝ። አፌን ሳልከፍት ሆዮ ቀደመችኝ። "አርብ ከሶላት በኋላ የሰፈሩ ሰው ለአቤቱታ አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባል አሉ፤ እዚያ ገብቼ በሰው ሁሉ ፊት አፉ በሉኝ እላለሁ" አለች። ሑዳ ተይ እንጂ ሆዮ፣ ማን ይቅርታ ጠይቂ አለሽ ብትላት አልሰማቻትም። ወደ እኔ ዞራ፣ "እግሬ ግን አይታዘዝልኝም። ከበር ስገባ የልጄን ዘፈን ተጫወትልኝ። እሷን እየሰማሁ እገባለሁ" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ሰዉ አርብ ስንት ፊርማ ቢሰበስብ፣ ጭብጨባው ቀድሞ የተቀነባበረ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ካልተናገረ አቤቱታው የትም አይደርስም። የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። አንደኛው ኃይለመለኮት ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ቅድሚያ የእናትሽ ነው።

ዛሬ ወደ ጅቡቲ የሚነሳ ሹፌር ነበር፤ ይህን ደብዳቤ አልሰጠሁትም። ብሰጠው ነገ ትደውያለሽ፤ ለሑዳ ትነግሪያታለሽ፣ ሑዳ ለእናትሽ ትነግራታለች፣ እኔም ከመናገር እተርፋለሁ። ሌላው ሹፌር ጉሌድ ቅዳሜ ጭኖ ይነሳል፤ በሱ እልከዋለሁ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ጉሮሮሽንም ይማርልሽ። ባልሽን ሰላም በይልኝ።

ይህ ሲደርስሽ አርብ አልፏል። ለእናትሽ ደውይላት። ካነሳች ተናግሬያለሁ ማለት ነው። ካላነሳች ዘፈንሽን ተጫውቻለሁ።

የእናትሽ ልጅ፣
ወንድምሽ