ጊታሬ ውስጥ አለች የተባለችው ንብ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም ያው። ከኮፒ ቤት በስምንት ሰዓት ወጣሁ። ስታዲየም የታክሲ ሰልፍ። ለልምምድ ካዛንቺስ ባንዳችን የሚጫወትበት ሆቴል ስደርስ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ። ከበሮ መቺው ካሕሳይ ሻይ ይጠጣል፣ ዘፋኟ ዘውዲ ስልኳ ላይ ግጥም ታጠናለች። ጊታሬን ሰካሁ… እዝዝዝ።

ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ የባንዱ መሪ ጋሽ ገብረሃና እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ሁላችንም ቆምን።

"ይቺ ንብ ከየት ነው የመጣችው?"

ካሕሳይ ሳቀ። ዘውዲም ሳቀች፣ ትንሽ። እኔም ሳቅሁ። ይሄ ነው ያናደደኝ። እኔን ምን አሳቀኝ?

"ርካሽ ጊታር ርካሽ ድምፅ ነው የሚሰጠው፣ ሜቲ።"

"ይቅርታ ጋሽ ገብረሃና፣ ፒክአፑ ነው መሰለኝ። እቀይረዋለሁ።"

"እስከ ኅዳር መጀመሪያ ቀይሪው። ሆቴሉ የስድስት ወር ኮንትራት ሊያስፈርመን ነው፣ በንብ አንፈርምም። ካልሆነ ኢብሳ አለ።"

ኢብሳ… ቡልጋሪያ ሰፈር አካባቢ የሚጫወት ልጅ ነው። የእሱ ጊታር የእኔን አምስቱን ይገዛል። እጁም መጥፎ አይደለም፣ ልዋሽ አልችልም።

ኮንትራቱ ከመጣ ከኮፒ ቤት እወጣለሁ። ሙሉ ቀን ጊታር። ሌላ ምንም አልፈልግም። አራት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ የምሳ ፕሮግራም ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን አላረፈድኩም። ጋሽ ገብረሃናን ፊት ለፊት እርስዎ ነው የምለው፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን አልለውም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ንብ አለኝ። ንብ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ስታዲየም ጋ ያለው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ገና ሳልናገር "ለወንድምሽ ነው?" አለኝ። ለራሴ ነው አልኩት። "እ… ጎበዝ" አለ፣ ልክ ጫማዋን ራሷ ያሰረች ሕፃን ፊቱ የቆመች ይመስል።

ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር የምትቀመጥ፣ ማግኔት ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለባት ነገር ናት። የክሩን ንዝረት ይዛ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ወደ አምፑ የምትልከው እሷ ናት። የእኔ ጊታር ሦስት አለው፣ ሦስቱም ቀጫጭን። ሻጩ ወፍራሙን አወጣልኝ፣ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ያለውን።

"ይሄ አይጮህም። ጸጥ ነው። ኦሪጅናል ነው እህቴ።"

ኦሪጅናል የምን? ስም እንኳን የለውም። ደግሞ ለእኔ ጊታር ይሰፋል። እንዴት ይገባል ስለው "እንጨቱን በመሮ ሰፋ ማድረግ ነው፣ በቃ" አለኝ። በመሮ። ጊታሬን።

ሳልገዛ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ በሆዴ ስሰድበው መጣሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ደራርቱ ከዱባይ ደወለች። የአክስቴ ልጅ ናት፣ እዚያ ልብስ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። አብራት የምትሠራ ሴት ልትመጣ ነውና በእሷ ትልክልኛለች። "የትኛውን?" አለችኝ። የትኛውን… ስልኬ ላይ መቶ ዓይነት ተደርድሯል።

እስቲ በደንብ ላስበው። ቀጭኑ ድምፁ ይለያል። አምባሰል ስመታ እያንዳንዱ ኖታ ብቻውን ቆሞ ይሰማል፣ እንደ ክራር። ግን ቀጭን በተፈጥሮው ትንሽ ይጮሃል ይላሉ። ወፍራሙ ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ኖታው እርስ በርስ ይጣበቃል። ሌላም አለ፦ መጠኑ እንደ ቀጭኑ፣ ውስጡ ግን ሁለት ጥቅል የተደራረበበት። እንጨት መቁረጥ የለም። ጩኸትም የለውም። ግን የላይኛው ድምፅ ይታፈናል ብለው የጻፉ ሰዎች አሉ።

እኔ የምፈልገው የራሴን ድምፅ ነው። ጋሽ ገብረሃና የሚፈልገው ጸጥታ ነው። ታዲያ የማንን ጆሮ ይዤ ነው የምመርጠው?

የተደራረበውን ላኪልኝ አልኳት። ከተናገርኩ በኋላ በራሴ በገንኩ።


እሁድ፣ ጥቅምት 23

የምሳ ፕሮግራም። አዝማቹን ላግዝ ወደ ማይኩ ስጠጋ ከንፈሬን ነከሰኝ፤ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው። በዚህ ወር ሦስተኛዬ። ክሩን ለቅቄ አፌን ያዝኩ። ጋሽ ገብረሃና ከኪቦርዱ ኋላ በዓይኑ አፈጠጠብኝ፣ ለምን አቆምሽ ብሎ።

በዕረፍት ሰዓት ነገርኩት።

"ላብሽ ነው።"

ዘውዲ በዚያው ማይክ ቀኑን ሙሉ ትዘፍናለች፣ ምንም አይነካትም። እኔን ብቻ። ማይኩም ጠላኝ መሰለኝ።

"ይቅርታ" አልኩት። ስለ ምኑ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ስለ ላቤ?


ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ዕቃው መጣ፣ በካልሲ ተጠቅልሎ። ወዲያው ቡልጋሪያ ጋሽ ዓብዱሰላም ጋ ሄድኩ። ካዛንቺስ ሰፈራችን ሳይፈርስ ጎረቤታችን ነበሩ። ሞተር ይጠቀልላሉ፤ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ዲናሞ፣ የተቃጠለ ነገር ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። አሁን ጋራዦቹ መሃል አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተዋል። እናትሽ እንዴት ናት፣ ቤት አገኛችሁ፣ ሠፈሩ ውሃ አለው ወይ… ሁሉንም ጠየቁኝ። ከዚያ ጊታሩን ፈቱት።

ቴስተር አስነክተው አዩ። ሦስቱንም።

"ሜቲዬ፣ እነዚህ ምን ሆኑ ብለሽ ነው? ሽቦው ደህና ነው።"

"ይጮሃሉ።"

"እስቲ ከመንቀሌ በፊት ላዳምጠው።" ከጥግ አሮጌ ስፒከራቸውን አወጡና አገናኙት። ትንሽ ሽው… ሌላ ምንም። "የታል ጩኸቱ?"

"ሆቴሉ ውስጥ ነው የሚጮኸው።"

"እንግዲያው ሆቴሉን ነዋ የምናየው።"

አልሰማኋቸውም። ነገ ረቡዕ ነው፣ ልምምድ አለ፣ ከዱባይ ያስላክሁት ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። "ዝም ብለው ይግጠሙልኝ" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና የብየዳ ካውያቸውን አጋሉ። ሲጨርሱ አሮጌዎቹን በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱልኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ይጮሃል።

አዲሶቹን ገጥሜ፣ ያው እዝዝዝ። ትንሽ እንኳን አልቀነሰም። በዚያ ላይ ድምፁ ሞቷል። አምባሰሉን ስመታ በትራስ አፍነው የሚያዘፍኑኝ ነው የመሰለኝ። ጩኸቱ አልሄደ፣ ድምፄ ግን ሄደ። ከዚህ የባሰ ምርጫ ማን ይመርጣል?

ጋሽ ገብረሃና ዛሬ አልቀለደም፣ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። በለሰለሰ ድምፅ…

"ልጄ፣ የፒክአፕ ነገር አይደለም። ጊታሩ ራሱ ነው። እንጨቱ ነው። እሁድ ኢብሳ ይጫወት። አንቺ በድምፅ አግዢን።"

"እሺ" አልኩ። እሺ! ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። አላለቀስኩም። ግድግዳውን በእርግጫ መታሁት፣ አሁን አውራ ጣቴ አብጧል።

አንድ ሰው ብቻ "ይደብራል" አለኝ፣ ዘውዲ። ካሕሳይ ገመድ ይጠቀልል ነበር።


ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጋሽ ዓብዱሰላም ላይ ልጮህ ነው የሄድኩት። እውነቱ ይሄ ነው። አገጣጠሙን አበላሽተውታል ልላቸው።

ሰሙኝ። እስክጨርስ ድረስ እጃቸው ላይ ያለውን ሽቦ እንኳን አላስቀመጡም። ከዚያ "ከጩኸቱ ሌላ የሚያደርገው ነገር አለ?" አሉኝ።

"የለም። ማይኩ ነው የሚነክሰኝ እንጂ።"

ሽቦውን አስቀመጡት።

"ክሩን ይዘሽ ነው የሚነክስሽ?"

አሰብኩ። አዎ… ሁልጊዜ ክሩን ይዤ ነው።

"ነገ ከጁምዓ በኋላ ትወስጂኛለሽ። እስከዚያ ያንን ጊታር እዚያ ቦታ እንዳትሰኪው።" ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። እኔ ስለ ድምፅ ነበር የመጣሁት፣ እሳቸው ግን ስለ ድምፅ አልነበረም የሚያወሩት።


አርብ፣ ኅዳር 5

ከመስጊድ በር ላይ ተቀበልኳቸው። በእግራችን ሆቴሉ ድረስ ሄድን፣ በመንገድ ላይ ስለ ዘውዲም ነገርኳቸው።

አምፑን ጋሽ ገብረሃና ነው ከዱባይ ያስመጣው። ባለሦስት እግር ፕለግ ነበረው፣ እኛ ሶኬት ውስጥ የማይገባ። እሱ ቆርጦ ጣለውና በገዛ እጁ ባለሁለት እግር ገጠመለት። ይሄንን ስንቴ አውርቶታል። "ኤሌክትሪሺያን አላስፈለገኝም" እያለ።

ጋሽ ዓብዱሰላም ፕለጉን ነቀሉት፣ በካቻቢቴ ፈቱት። ቡናማው ሽቦ ታስሯል። ሰማያዊው ታስሯል። አረንጓዴና ቢጫው ግን ተቆርጦ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል።

"ኧርዙን ቆርጦታል። ከአምፑ የሚያመልጠው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ይጮሃል። አንቺ ክሩን ስትይዢ እጅሽ ላይ ይመጣል፣ ማይኩን ስትነኪ በከንፈርሽ ይወጣል። ዘውዲ ጊታር አትይዝም፣ እሷን አይነካትም።" ላባቸውን ጠረጉ። "አላህ ነው ያተረፈሽ።"

ቁጭ አልኩ። ስንት ጊዜ ነው ይቅርታ ያልኩት? ስንት ረቡዕ?

"ሶኬቱ ኧርዝ አለው" አሉኝ። "ባለ ኧርዝ ፕለግ ግዢና ነይ፣ አስረዋለሁ።"

ከመንገዱ ማዶ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ። እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ማንም አያነበውም። አልገዛም ብዬ አስቤ ነበር። እሁድ ኢብሳ ይሰካ። በዚያ ውድ ጊታሩ እዝዝዝ ይበል። ጋሽ ገብረሃና ያኔ ስለ እንጨቱ ምን እንደሚል ልስማው። ደስ ብሎኝ ነበር ሳስበው፣ በጣም።

ከዚያ ኢብሳም አዝማች እንደሚያግዝ ትዝ አለኝ። ክሩን ይዞ ወደ ማይኩ ይጠጋል።

ገዛሁ። ገዝቼ ስመለስ በኢብሳም ተናድጄ ነበር፣ ምንም ሳያደርገኝ።

ታሰረ። ጊታሬን ሰካሁ። ምንም። አምፑ የጠፋ መስሎኝ መብራቱን አየሁ፤ በርቷል። ጋሽ ገብረሃና ጋ ደወልኩ፣ አላነሳም። ሁለቴ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

አሮጌዎቹን ፒክአፖች መልሼ አስገጠምኩ። ጋሽ ዓብዱሰላም እየበየዱ "እኔ ምን አልኩሽ" አላሉኝም። ማክሰኞ ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይሄኛው ይቅርታ የሚገባ ነበር።


እሁድ፣ ኅዳር 7

በድምፅ ብቻ አግዢ ተብያለሁ። ጊታሬን ግን ይዤ ሄድኩ።

ኢብሳ ሰካ። ጸጥታ። ሁለት ዘፈን፣ ሦስት ዘፈን። ማይኩም አልነከሰውም። በዕረፍት ሰዓት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ጋሽ ገብረሃና እጁን ኢብሳ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁላችንም ፊት፣ "አያችሁ?" አለ። "ጥሩ ጊታር ማለት ይሄ ነው። ንብ የለ፣ ምን የለ።"

እግሬ ራሱ ነው የተነሳው። "ኢብሳ፣ ገመዱን ላስቸግርህ" አልኩት። ሰጠኝ፣ ልጁ ጨዋ ነው። የእኔን ጊታር ሰካሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ምንም አልመታሁም። ቆምኩ ብቻ።

ምንም ድምፅ የለም። የአስተናጋጆቹ ሹካ ይሰማል።

"ጋሽ ገብረሃና፣ የአምፑን ኧርዝ የቆረጡት እርስዎ ነዎት" አልኩ። "አርብ ዕለት አሳሰርኩት። ጊታሬ ምንም አልነበረውም። እኔ ግን ልሞት እችል ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ ፕለጉን አየ። ካሕሳይ ፕለጉን አየ። ጋሽ ገብረሃና እኔን አየኝ።

"ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም?"

እንዲህ ነው ያለው። ቃል በቃል።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ደወለ። ሰላምታ፣ የእናቴ ጤንነት፣ ከዚያ… "ሁለት ጊታር እንሁን ብዬ አስቤያለሁ። አንቺ ሁለተኛ።"

"አንደኛው ማነው?"

"ኢብሳ ነዋ።"

"ለምን?"

"ጊታሩ ጥሩ ነው ሜቲ፣ ማለቴ… ሰው ያያል፣ መድረክ ነው።"

አይ፣ አልኩት። አልመጣም። ምክንያት እንድደረድርለት ጠበቀ። አልደረደርኩም።

ኮንትራቱ ሄደ። ነገም ኮፒ ቤት ነኝ፣ ከነገ ወዲያም። ያንገበግበኛል።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ኮፒ ቤት የአንድ ሰውዬ መመረቂያ ጽሑፍ እየጠረዝኩ ኢብሳ ደወለ። ቁጥሬን ከዘውዲ ነው የወሰደው። ተጨንቋል። አምባሰሉ አልሆነለትም፣ ኖታው ይጣበቅበታል።

"ጋሽ ገብረሃና ትናንት ሦስት ጊዜ አስቆመኝ። 'እንደ ሜቲ አድርገህ ምታው' ይለኛል።"

ልጁ ላይ ልጮህ ነበር፣ ግን እሱ ምን አደረገ?

"ፒክአፕ ልቀይር ነው" አለኝ። "የአንቺን ዓይነት። ከውጭ የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። የትኛውን ነው የገጠምሽው?"

"ጊታሩ ሲሸጥ አብሮት የነበረውን።"

"እየቀለድሽ ነው?"

"አልቀለድኩም። ለጋሽ ገብረሃናም ንገራቸው" አልኩት። "ርካሹ ነው በላቸው።"