ሲራራን ማን ሠራው

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ስሜ የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የውድድሩ አዘጋጆች ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን የኮምፒውተር ጨዋታዎች ቴሌግራም ላይ ለጥፈዋል። አራተኛው ላይ «ሲራራ፣ ሠሪ፦ ደሳለኝ፣ ከሰቆጣ» ይላል።

ሠሪ! ደሳለኝ የጠፈር መርከቦቹን ሥሏል፣ ላፕቶፑም የእሱ ነው፤ ይህን አልክድም። የቀረውን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስወጣ እነሱ ቤት እየሄድኩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨውና ማር ከኮከብ ኮከብ ሲጓዝ ዋጋው እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ሽፍቶቹ ሰማይ መሃል መርከቧን እንዴት እንደሚከቡ፣ ተጫዋቹ መቼ እንደሚተኩስ፣ መቼ ጭነቱን ጥሎ እንደሚሸሽ። ብቻውን የሚጫወተው አድርጌ የሠራሁት ኔትወርክ ሲጠፋም እንዲሠራ ብዬ ነው። በድሮ ነጋዴዎች ጉዞ «ሲራራ» ብዬ ስሙንም ያወጣሁት እኔ።

ዛሬ በምተይብበት ጽሕፈት ቤት ሦስት የሰው ማመልከቻ አበላሽቼ ተየብኩ።

ረቡዕ

መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። «ቅጹ የሚቀበለው አንድ ስም ብቻ ነው» አለ። ታዲያ የእኔን አታስገባም ነበር? አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ነው ያበገነኝ። ለአዘጋጆቹ እጽፋለሁ አልኩትና ጥዬው ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ለእርቅ ሽማግሌ ልኮ ጠበቀኝ። በዳዩ እሱ፣ ሽማግሌ ላኪም እሱ! እማ ደስ ብሏታል፤ «ክብር ነው፣ እምቢ እንዳትይ» ትላለች። ሽማግሌ ረገጠች የተባለች አንዲት ጎረቤት አለችን፤ እስከ ዛሬ ሰርግ አትጠራም። እሺ አልኩ።

ሐሙስ

ሐጂ ሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን፤ እማም አብራኝ መጥታለች። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሐጂ ራሳቸውና የሰፈራችን ቄስ ሞገስ። ደሳለኝ ላፕቶፑን ከፈተ። አንዷ መርከብ ስትፈነዳ ቄስ ሞገስ አማተቡ። «ውስጡ ሰው አለ?» አሉ። የለም፣ አባ፣ አልኳቸው።

ሐጂ ግን! አባታቸው ጨው በበቅሎ የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ።

«ጨዉ ከመጣበት ሲርቅ ይወደዳል?»

ይወደዳል።

«መንገዱ ላይ ሽፍታ ሲበዛስ?»

ይብሳል።

«ሁለት ነጋዴ ባንድ ቀን ከገባስ?»

ይረክሳል፣ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ ደሳለኝን ሳይሆን እኔን። «ይህን የጻፈ ሰው ገበያ ውሎ ያውቃል» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራዬ የገባቸው የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። እንባዬን በግድ መለስኩት።

ከዚያ ሁለቱ በአገውኛ ተመካከሩ፣ የማልሰማ መስሏቸው። «እልኸኛ ናት፣ ባል ማግኘት ያስቸግራታል» አሉ ቄሱ።

ፍርዱን ነገሩን። ላም ለሌላ ሰው የርቢ ስትሰጥ ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች ትቀራለች፤ ጥጃውን ግን ባለቤቱና ያረባት ሰው እኩል ይካፈሉታል። ላፕቶፑ ላሟ ነው። ጨዋታው ጥጃው። እኔ አርቢዋ።

«ጥጃው ለሁለት ይከፈላል?» ጠየቁ ቄሱ።

ደሳለኝ ፈጠን ብሎ «በፍላሽ ይገለበጣል፣ አባ፤ ሁለት ይሆናል» አለ።

«ሁለቱም ሙሉ?»

«ሁለቱም ሙሉ።»

«ታዲያ ምን ያጣላችኋል? እንዲህ ያለ ጥጃ ለእኛም በወለደልን!»

ሁሉም ሳቀ። እማም ሳቀች። ስሙስ? አልኩ። ከብትም እኮ ምልክት ይደረግበታል። ቄስ ሞገስ ትንሽ አሰቡና «የሚደረገው የላሟ ባለቤት ምልክት ነው» አሉ። ሐጂ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

ዓርብ

የእርቁን ወረቀት ማን ተየበው? እኔ! አሠሪዬ ወደ አምደወርቅ ከተማ ሄዷል፣ ሌላ የሚተይብ የለም። ቄስ ሞገስ ቆመው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱ ከልብ ይቅር ተባብለዋል።
ሁለተኛ፣ እሷ ጨዋታው የእኔ ሥራ ነው ብላ የትም ቦታ አታነሳም።
ሦስተኛ፣ ብታነሳ አንድ ጊደር ትከፍላለች፤ ዋሷ እናቷ ናት።

«ተባብለዋል» የሚለውን ስተይብ ተሳስቼ አረምኩት። ሦስት ቅጂ አተምኩ። ፈረምኩ። ደሳለኝና ሽማግሌዎቹም ፈረሙ፤ እማ አሻራዋን አደረገች። ደሳለኝ ትከሻዬን ሳመ። ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ አልኩ። ያለው አፌ ነው።

ቅዳሜ

ደሳለኝ ለውድድሩ አዲስ አበባ ሄደ። በፍላሽ የደረሰኝን ጥጃ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ከፈትኩት። ሲቀያይረው ከርሟል።

በአካባቢያችን ከተማ ስም ጽጽቃ ያልኳት ኮከብ «ኖቫ» ሆናለች።
አምደወርቅ «ታይታን»።
ሽፍቶቹ «ፓይሬት»።
ጨውና ማር እንዳሉ ናቸው፤ አልቻለባቸውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን የድሮውን ስም፣ ጽጽቃን፣ ሳይቀይር ረስቶታል። መርከቧ ኖቫ ስትደርስ ሽፍቶቹ ደርቀው ይቆማሉ። አልነገርኩትም። ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነው፤ ቢሆንም ደስታ ነው።

እሑድ

ሐጂ ሰይድ ጋ ሄድኩ። «ቂም ይዘሻል?» አሉኝ። ይዣለሁ፣ አልኩ፤ ሁለተኛውን ቁጥር ያሰርዙልኝ።

«ልጄ፣ ሥራው ያንቺ እንደሆነ ያኔም አውቄ ነበር። ግን ፈርሜያለሁ። እኔ ቃሌን ካጠፍኩ ነገ ደም የተቃባ ሰው ማን ያስታርቃል?»

አውቀው ነበር! እያወቁ! ደግሞ ስለ ቃሉ ያሉት ልክ ነው፤ ልክ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ ደወለ። ዳኞቹ ፊት ሽፍቶቹ ቆመውበታል። «ረዳቴን ልጠይቅ ብያቸው ነው፤ እባክሽ፣ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?» ረዳቴ!

ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም። ሥራዬ ሰው ፊት ተበላሽቶ እንዴት ይቁም? የቱ ጋ እንደሆነ ነገርኩት። አስተካከለው፤ የተኩሱ ድምፅ በስልኩ ተሰማኝ።

ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ። «እህቴ፣ ከዳኞቹ አንዷ ነኝ። ሳታዪው እንዴት አወቅሽ? ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

እማ ምሳ አምጥታልኝ አጠገቤ ተቀምጣለች። የስልኬ ድምፅ ወደ ውጭ ይሰማል፤ ሁሉንም ሰምታለች። እጄን ያዘችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች። አዎ እንዳትይ።

«አዎ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ደሳለኝ ከኋላ «ኧረ…» ሲል መስመሩ ተቋረጠ። መልሰው አልደወሉም። ምን እንደወሰኑ አላውቅም። መጀመሪያ እፎይ አልኩ፣ ከዚያ ፈራሁ፣ ከዚያ ደግሞ እፎይ አልኩ።

እማ ሳህኑን ሰበሰበች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች።

«ያለችን እኮ አንዲት ጊደር ናት» አለች።

አውቃለሁ። ሳልረሳት ነው አዎ ያልኩት።