ከድምጿ ጀርባ ያለው ጩኸት

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ምሳ ብቻዬን።
ከሰዓት በኋላ የባለቤቴን ላፕቶፕ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ካረፈች ሰባት ወሯ፤ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ትናንት ስለደወለች ነው። «እማዬ ድምጿን ቀርጻልኝ ነበር። ላክልኝ» አለች። ሰላምታዋ እንኳ አጭር ነው። የእናቷ ሕመም መክበዱን ቶሎ ስላልነገርኳት በሕይወት ሳለች አልደረሰችም፤ እስካሁን አኩርፋኛለች። አልፈርድባትም።
ፋይሉ ተገኘ። «ለልጄ» ይላል። ከፈትኩት... እዝዝዝ የሚል ጩኸት፣ በላዩ ደግሞ ትክ ትክ ትክ። ከሥር እሷ አለች። ድምጿ መሆኑን አውቃለሁ፤ የምትለው ግን አይያዝም። ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ የካቲት 4
ድምፁን ከፍ ሳደርገው ጩኸቱም ከፍ ይላል። ዝቅ ሳደርገው እሷም ትጠፋለች። አጥፍቼ አበራሁ። የስፒከሩን ቀዳዳ በልብስ ብሩሽ ጠረግኩ... ምን ላድርግ፣ የማውቀው እሱን ነው። ለልጄ «ላፕቶፑ ተበላሽቷል» ብዬ ጻፍኩላት። «እሺ» ብቻ። አላመነችኝም መሰለኝ። ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5
ኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ሰፈሩ «ዶክተር» ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።
«አባባ፣ የት ጋ ነው የሚያመው?»
«እሱን አላውቅም፤ እኔን ጆሮዬን ነው።»
ሳቀ። ቻርጀሩን ነቀለው። እዝዝታው ወዲያው ቀጥ! ከመብራቱ በቻርጀሩ በኩል የሚገባ ጩኸት ነው አለኝ። በባትሪ ብቻ እንዳዳምጥ፣ ቻርጀሩንም እንድቀይር። አመስግኜ ልነሳ ስል... ትክ ትክ ትክ። እሱ አልሄደም። ማዳመጫ ሰካበት፤ ትክትክታው አሁንም አለ። ሌላ ነገር ከፈተ፤ ጥርት ያለ። የእሷን መልሶ ከፈተ፤ ትክትክታው ተመለሰ።
«ላፕቶፑ ጤነኛ ነው፣ አባባ። ይሄ አብሮ የተቀረጸ ነው። ስትቀርጽ አካባቢዋ የሆነ ሞተር ነበር።»
«መኖሪያ ቤት ውስጥ የምን ሞተር!» ብዬ ጮኽኩበት። ያለ ጥፋቱ። እሱ ግን ማዳመጫውን አውሶ ሸኘኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
በማዳመጫው ደጋግሜ ሰማሁ። ረዘም ብሎ ይሄዳል፣ ቆም፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ አጭር አጭር፣ ቆም። ስፌት ጫፉ ላይ እንዳይተረተር ወደ ኋላ ይመለሳል። ሌላው ሰፊ ሁለቴ ይመልሳል። ሦስቴ የምመልስ እኔ ነኝ።
እዚሁ ሳሎን ጥግ ያለው የኔ የስፌት መኪና ነው። ሠላሳ ዓመት ተቀምጬበት ድምፁን አላወቅኩትም! የራሱን ማንኮራፋት የሚሰማ ማን አለ...
አሁን ቃሏ ይያዛል። «ልጄ፣ አትጨነቂ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። እንቅልፍሽን ተኚ፣ ጸሎትሽን አትተዪ... ከዚያ ወደ ጎን ዞር ብላ «አንተ፣ ና እስቲ፤ አንድ ቃል በላት።» መኪናው አይቆምም። ከሩቅ የኔ ድምፅ፦ «ቆይ፣ እጅጌውን ልጨርስ!»
ሳቀች። «እንግዲህ ጠብቂው። የአባትሽ እጅጌ አያልቅም።»
ጠበቀች። ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ፤ አራት ደቂቃ። ትንፋሿና መኪናዬ ብቻ። ከዚያ አለቀ።
አንድ ቃል ነበር የጠየቀችኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9
ዶክተሩን ይቅርታ ጠየቅኩ። «ኧረ ይተዉት፣ አባባ» አለ። ነገሩን ስነግረው ትንሽ አሰበና «መጨረሻውን ልቆርጠው እችላለሁ፤ ትክትክታውንም ላለዝበው። ልጅዎ የእናቷን ድምፅ ብቻ ትሰማለች። ማንም አያውቅም» አለኝ። ለደግ ነው ያለው። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።
ማንም አያውቅም... ሕመሙንስ እንዲሁ ቆርጬ አልነበር የነገርኳት? «ቀላል ነው፣ ይሻላታል» እያልኩ። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው? ወይስ እኔው ራሴ ቃሉን መጥራት ፈርቼ? ተንበርክኬ መልስ ለመንኩ። ምን ያስለምነኛል፤ መልሱ እጄ ላይ ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10
እንዳለ ላክሁት። ከሥሩ «የሚሰማሽ ጩኸት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12
ስልኬን ደጋግሜ አየሁ። ሥራም አልገባኝ አለ። አንድ ኮሌታ በስህተት ገልብጬ ሰፋሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 13
ጠዋት ደወለች።
«አባዬ» አለች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። «ሰማሁት። እጅጌውን ከጨረስክ በኋላ... ሄድክ ወደሷ?»
ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።
«ሄድኩ። ተኝታ ነበር። አልቀሰቀስኳትም... ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»
ማልቀሷ ይሰማኛል። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁም።
«ያን ቀን ተነስተህ ብትመጣ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?»
ሌላ ሌላውን ፈለግኩ፤ ምክር፣ ምርቃት... ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ናት።
«ቶሎ ነይ እልሽ ነበር፣ ልጄ።»
ከሰባት ወር በላይ የዘገየች ቃል። አፈሰችው እንባዋን። እኔም እንደ ሕፃን።
«ነገ እመጣለሁ» አለችኝ።