ሻሽሽን ሳታጥቢ ላኪልኝ

ውድ ልጄ ኬንጄ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? የሞስኮ ብርድ ወገብሽን አልያዘውም? ከስፌት መኪናው ስትነሺ እግሬ ያብጣል ብለሽኝ ነበር፤ አሁንስ ተሻለሽ? እህልስ ይበላልሻል? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ከብቱም ደህና ነው። ልጅሽን ግን ደህና ነው ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ አባትሽ አጠገቤ ቆሞ «አታስጨንቂያት!» እያለ ይቆነጥጠኛል።

ባይቱር አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጡጦውን በቅጡ አይዝም። ትንሽ ይቀምስና ፊቱን ያዞራል። ከስቷል ልጄ። ሐኪሟ አይታው «የእናቱን ጡት ለምዶ ነው፤ ታገሺው» አለችኝ። እሺ፣ እኔስ ልታገሥ፤ እሱ እስከ መቼ ይታገሣል? ይበልጥ ያስፈራኝ ደግሞ በእንቅልፉ መሳቁን መተዉ ነው። አንቺ እያለሽ ዓይኑን እንደጨፈነ ፍንድቅ ሲል «የሕፃናት ጠባቂዋ ኡማይ እናት እያጫወተችው ነው» እንል አልነበር? አሁን ተኝቶም ግንባሩን ይቋጥራል። ጠባቂዋ ትታው ሄዳ ይሆን እያልኩ ሌሊት እየተነሳሁ አየዋለሁ።

አባትሽ ደግሞ ልጁን አዝዬ ስገባ ባዶውን የልጅ አልጋ በእግሩ ሲወዘውዝ አገኘሁት፣ ቴሌቪዥን እያየ! «አንተ ሰውዬ፣ ባዶ አልጋ ይወዘወዛል? በልጁ ላይ ክፉ ልትጠራበት ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እግሬ ነው» አይለኝም መሰለሽ! ከዚያ ወዲህ ግን ልጁ ከአልጋው በወጣ ቁጥር አልጋውን ከግድግዳው ጋር በገመድ ያስረዋል። እሱም ፈርቷል፣ አይናገርም እንጂ።

ያዋለደችሽ ቡቡሽ መጥታ ሆዱን አሸችው፣ እንደ ልማዷ «የኔ እጅ አይደለም፣ የኡማይ እናት እጅ ነው» እያለች። የላክሽለትን ብርድ ልብስ አሸተተችና «ይሄ የሱቅ ሽታ ነው፤ እናቱ የታለች እዚህ ውስጥ?» አለች። ስለዚህ አዲስ ነገር አትግዢ። ስትሰፊ የምታስሪውን ሻሽ ላኪልኝ። አደራ፣ እንዳታጥቢው! ንጽሕና ስትወጂ አውቅሻለሁ።

አባትሽ ሰላም ይልሻል። ቡቡሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ባልሽን ማራትን ግንባታው ላይ ራሱን ይጠብቅ በይልኝ። ባይቱርም ሰላም ይልሻል ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬ ጠዋት ተኝቶ ሳለ ሆዱን ሳሸው «የኔ እጅ አይደለም፣ የኡማይ...» ልል ስል አፌ ስቶ «የእናትህ፣ የኬንጄ እጅ ነው» አልኩት። ከንፈሩ በአንድ በኩል ብቻ ፈገግ አለ። ሲነቃ ግን ጡጦውን አሁንም ገፋው። ሻሹ ቶሎ ይድረስልኝ፤ ከሆነልሽ ደግሞ አትላኪው፣ አስረሽው ነይ።

እናትሽ
አት-ባሺ፣ ኅዳር 12 ቀን