በሰበቃ የጠፋው ኃይል

ሐዋሳ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬ ጠዋት ፎርማኑ አቶ ዳንጊሶ የእሑዱን ጋዜጣ ይዘው ቢሮዬ ገቡ። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ እሳቸው ስለሚያሠሩት አዳራሽ ከጻፍኩት ዜና አንዱን መስመር በእስክሪብቶ አስምረውበታል፦ «በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩት የብረት ገመዶች ሲወጠሩ ከኃይሉ ከፊሉ በሰበቃ ይጠፋል፤ የጥፋቱም መጠን አስቀድሞ ተገምቷል።»

«ሠራተኛው ሰባቂ የተባልኩት እኔ እንደሆንኩ አምኗል» አሉ። «ስደርስ ወሬ ያቆማሉ። ምሳ ብቻዬን ስበላ ሁለት ቀኔ ነው።»

ሰበቃ ስል መፋተግ ማለቴ ነበር፤ በፊዚክስ የተማርነው ቃል ነው። ለአለቃ ወሬ ማመላለስም ሰበቃ እንደሚባል ከዚህ ሁሉ ዓመት የጋዜጣ ሥራ በኋላ ትዝ አላለኝም። ቀበቶዬን ፈትቼ በወንበሩ እግር ላይ ጠመጠምኩና ሳብ አደረግኩ፤ እንዴት እንደሚይዝ ላሳያቸው።

«ገመዱን በክሪክ የምወጥረው እኔ ነኝ፤ እኔን አያስተምሩኝ» አሉ። «ለእነሱ ይጻፉላቸው።»

«ኃይሉን የሚቀንሰው ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ እንጂ ሰው አይደለም» ብዬ ማረሚያ ጻፍኩ። ፊታቸው ፈታ አለ። እንዳልሳሳት ለአዳራሹ መሐንዲስ ደውዬ፣ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቼ አነበብኩላት።

«ልክ ነው» አለች። «ግን ይጨመርበት፤ ጥፋቱ የሚብሰው ጠማማው ጋ ነው።»

ሊወጡ በሩ ጋ የደረሱት አቶ ዳንጊሶ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ጠማማ የምትለዋን ቃል አይጻፏት» አሉ።

«ኩርባ እለዋለሁ።»



«ኩርባ ግንበኛችን ነው» አሉ። «ቅጽል ስሙ ነው። እሱ ደግሞ ቶሎ ይቆጣል።»